ድሃ የሚገዛው ከሰል ለምን ይወደዳል?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ከሰል ነው። «ከሰል ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ቡናውም ቢሆን የሚፈላው በከሰል ነው።

የምኖረውም የማስተምረውም ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችንን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩን ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። እዚህ አገር እሳት ለወጥና ለቡና ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ቤቱን ቤት የሚያደርገው እሱ ነው። ልጅ የሚያጠናው እሳት ዳር ነው፤ ሽማግሌም የሚያመሸው እዚያው ነው።

ጀርመን አገር የሚኖር ዘመድ አለኝ። እነሱ ቤት የሚያሞቁት ምድር ቤት ባለ ትልቅ ታንክ ውስጥ በሚቀመጥ ዘይት ነው። ብርዱ ሳይመጣ፣ ዋጋው ረገብ ሲል ጠብቀው ያስሞላሉ። እዚያ ሰፈር ደግሞ ጎረቤታሞች ተሰባስበው በአንድ ላይ ያዛሉ አለኝ። ቦቴው አንድ ጊዜ መጥቶ ለሁሉም ስለሚቀዳ ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋው ይቀንስለታል። ይህን ሲነግረኝ ቶሎ የመጣብኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ዕቁብና ደቦ የእኛ፣ በጋራ ነዳጅ መግዛት ግን የእነሱ ሆነ! ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለቅርጫ ሥጋ እንሰበሰባለን። ለከሰል ግን እያንዳንዳችን ፌስታል ይዘን ለየብቻችን ጉልት እንወርዳለን።

ነገሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከሰል የተወደደብን ከሰሉ ስለተወደደ ብቻ አይደለም። በትንሽ በትንሹ፣ ያለ ሚዛን፣ በማይገዛበት ወቅት ስለምንገዛውም ነው። ይህን ዕዳ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ሰው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መምህር ነኝና ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የየከተማችሁን ዋጋ አስገቡበት። አንድ ማዳበሪያ ከሰል 30 ኪሎ ይመዝናል፣ ዋጋው ደግሞ 1,500 ብር ነው እንበል። ኪሎው 50 ብር መጣ ማለት ነው። አሁን ያንኑ ማዳበሪያ ቸርቻሪዋ በትና በመደብ ትሸጠዋለች። የ50 ብሩ መደብ 600 ግራም ቢሆን ኪሎው 83 ብር ገባ። በቀን አንድ ኪሎ የሚያነድ ቤተሰብ በማዳበሪያ ሲገዛ በወር 1,500 ብር ያወጣል፤ በመደብ ሲገዛ 2,500 ብር። ልዩነቱ 1,000 ብር ነው። ያው ከሰል፣ ያው ምድጃ፣ ያው ወጥ!

ቸርቻሪዋ ላይ አትፍረዱ። እሷም ማዳበሪያውን አስጭና፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ውላ፣ ድቃቂው ቀርቶባት ነው የምትሸጠው። ትርፏ የላቧ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። 1,500 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚችል ሰው በርካሽ ይገዛል፤ የማይችለው በውድ ይገዛል። በውድ ስለሚገዛም 1,500 ብሩን መቼም አያጠራቅምም። ይህ እንግዲህ ወጥመድ ነው።

ከተማሪዎቼ መካከል እናቶቻቸው ጀበና ቡና በመሸጥ የሚያስተምሯቸው አሉ። አንዲት ቡና ሻጭ ቀኑን ሙሉ ከሰሏ ሳይጠፋ ነው የምትውለው። ስኳሩ ተወደደ፣ ቡናው ተወደደ ብላ ታማርራለች፤ ከሰሉን ግን በየቀኑ በ50 በ50 ብር ስለምትገዛው ወሩ ሲያልቅ ስንት እንደሆነ አይታያትም። በመደብና በማዳበሪያ መካከል ያለው ያ 1,000 ብር ለልጇ ደብተር ነው፣ ጫማ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ደብተር ያልያዘ ልጅ ሳይ አንዳንዴ የማስበው ይህንን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ስኳር በኪሎ እንገዛለን፤ ሥጋ በኪሎ፣ ሽንኩርትም በኪሎ። ከሰል ግን በማዳበሪያ! ማዳበሪያ መለኪያ አይደለም፤ ከረጢት ነው። አንዱ ጢም ብሎ ይሞላል፤ አንዱ አፉ ላይ በቅጠልና በጭራሮ ጉልላት ተሠርቶለት ትልቅ መስሎ ይታያል። ታቹ ድቃቂ ሊሆን ይችላል፤ መሐሉ ያልከሰለ ጥሬ እንጨት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አንድ ማዳበሪያ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሙሉው ጥያቄ «ኪሎው ስንት ገባ?» የሚለው ነው።

ሚዛን ስላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሰል ውኃ ይጠጣል። ውኃ የጠጣ ከሰል ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ እሳት ላይ ግን ያለቅሳል። 30 ኪሎ ተብሎ ከተገዛው ውስጥ 3 ኪሎው ውኃ ከሆነ በምሳሌያችን 150 ብር ለውኃ ከፈላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት እጃችሁን ከቱበት። መሐሉን እንጂ ላዩን ብቻ አትዩ። ሁለት ከሰል አንስታችሁ አጋጩ፤ በደንብ የከሰለና የደረቀ ከሰል ጥርት ያለ፣ የሸክላ ስባሪ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ጥሬው ግን ዱም ብሎ ይቀራል፤ ቤት ሲገባም ያጨሳል።

ዓይነቱም ይለያያል። የግራር ከሰል ይከብዳል፣ ፍሙ ይቆያል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም አመድ ይሆናል። ለአንድ ጀበና የባሕር ዛፉ ይበቃችኋል፤ ሽሮም ቅቅልም ለሚጣድበት ምድጃ ግን ከባዱ ያዋጣል። በማዳበሪያ ሲሸጥ ሁለቱ አንድ ዋጋ ከተባሉ ከባዱን ምረጡ።

ወቅቱንም አትርሱ። ክረምት እንጨቱ ይረጥባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጭነት ይቀንሳል፣ ዋጋ ይወጣል። የበዓል ሰሞን ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ላይ ገበያ ስለሚወጣ ያው ነው። ለክረምት የሚሆነውን በግንቦት፣ ለገና የሚሆነውን ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ የገዛ ሰው ለጥድፊያ አይከፍልም። ከሰል እንደ ቲማቲም አይበሰብስም። ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከእሳት አርቆ ማስቀመጥ ብቻ ነው። አዲስ የከሰለ ከመሰላችሁ ግን አንድ ሁለት ቀን ውጭ ይደር። ውስጡ ፍም የቀረበት ከሰል ራሱን መልሶ ሊያቀጣጥል ይችላል።

«ከሰል ለምን? ሌላ ነገር የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ኩበት የእኛ አካባቢ የድሮ ባለውለታ ነው። ርካሽ ነው፣ ግን ያጨሳል። በዚያ ላይ ማሳ ላይ ፍግ ሊሆን የሚገባው ነገር ነው ምድጃ ውስጥ የሚገባው። ገበሬው በአንድ እጁ ኩበት ሸጦ በሌላ እጁ ማዳበሪያ ይገዛል። እኛ ደግሞ በዚያው የማዳበሪያ ከረጢት ከሰል እንገዛለን!

ነጭ ጋዝ ድሮ የመምህርና የተማሪ ነዳጅ ነበር። ተከራይ ሁሉ አንዲት የጋዝ ምድጃ ነበረችው። አሁን ዋጋው ከናፍጣ እኩል ነው የሚተመነው። ሐምሌ 2014 ላይ ሊትሩ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ነበር፤ መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ገባ፣ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ነጭ ጋዙ ከናፍጣ ረክሶ ቢሸጥ እየተቀላቀለ በናፍጣ ስም ሊሸጥ ስለሚችል ዋጋቸውን ማስተካከሉ ይገባኛል። ድሃው ቤት ውስጥ የሚያነደው ነገር ግን በመኪና ነዳጅ ዋጋ ሆነ። ከማደያ ሳይሆን ከሱቅ በጠርሙስ ሲገዛ ደግሞ ያው የመደብ ከሰል ታሪክ ነው፤ ትንሽ የገዛ ብዙ ይከፍላል።

መብራትስ? እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴን ልጠቀምበት። አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል ውስጥ ያለው ኃይል ወደ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። በተራ የቆርቆሮ ምድጃ ግን ድስቱ ጋ የሚደርሰው ከአራት አንዱ ቢሆን ነው፣ ማለትም 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚወስደው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ከሰል የሚያበስለውን ለማብሰል 3 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይበቃል። ለዓመታት ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች ለእያንዳንዱ የምንከፍለው 27 ሳንቲም ያህል ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት የሚጨምር አዲስ ታሪፍ መጥቷል። በሉ እንግዲህ 5 ብር እናድርገው። ሦስቱ 15 ብር ነው። ከሰሉ በማዳበሪያ 50፣ በመደብ 83 ብር። ለማብሰል ከሆነ መብራት ያለ ክርክር ይረክሳል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው በመብራት አያበስልም? አንደኛ መብራቱ ይጠፋል። ሁለተኛውና ብዙም የማይወራለት ነገር ቆጣሪው ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ታሪፉ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚልብህ በመሆኑ፣ አምስት ትንንሽ ተጠቃሚዎች ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራሉ። ለአነስተኛ ተጠቃሚ የታሰበው ርካሽ ዋጋ ለአነስተኛው ተጠቃሚ አይደርስም። አከራዩም ቢሉ ደስ አይላቸውም። «ምድጃ መሰካት ክልክል ነው» ይላሉ፤ ተከራይም አርፎ ወደ ከሰሉ ይመለሳል። እዚህም ላይ ያው ነው፤ ቤት የሌለው ሰው ውዱን ነዳጅ ያነዳል።

ቤት ለማሞቅ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። ያ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት በሙሉ በማሞቂያ ቢተካ በ5 ብር ሒሳብ 40 ብር ነው፤ ከማዳበሪያው ከሰል ብዙም አይራራቅም። ስለዚህ የብርድ መድኃኒቱ መጀመሪያ ነዳጅ አይደለም። በር ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጭቃ መለሰን፣ ቢያንስ በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ መሥራት ነው። ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፤ የመንዝ ባናም ሩቅ አይደለም። ያልነደደ ከሰል ከሁሉም ይረክሳል።

እሺ፣ ምን ይደረግ? እኔ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ የከሰል ዕቁብ። አሥር ቤተሰብ በሳምንት 150 ብር ቢያዋጣ 1,500 ብር ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ ማዳበሪያውን ወስዶ አንድ ወር በመደብ መግዛት ያቆማል። ለመደብ ሊያወጣው ከነበረው 2,500 ብር ላይ 600 ብሩን ለዕቁቡ ቢከፍል 1,900 ብር ይቀረዋል። የሚቀጥለውን ማዳበሪያ በራሱ ይገዛል፣ ገንዘብም ይተርፈዋል። አያችሁት? ይህ ሰው ያስፈለገው ዕርዳታ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከወጥመዱ የሚያወጣው ነው። በአሥር ሳምንት አሥሩም ይወጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ዕጣ አታውጡ፤ ከሁሉ የቸገረው መጀመሪያ ይውሰድ። ሰፈርተኛው ማን እንደሆነ ያውቀዋል። ከቻላችሁ ደግሞ ሁለት ሦስት ዕቁብ ሆናችሁ ከጫኝው መኪና ላይ በቀጥታ ተደራድራችሁ አውርዱ።

ሁለተኛ፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት። ስኳርና ዘይት፣ ጤፍም ያቀርባሉ። ከሰልስ ለምን አያቀርቡም? በበጋ ገዝተው ቢያከማቹ፣ በክረምት በኪሎ ቢሸጡ፣ አንድ ኪሎ የፈለገም 30 ኪሎ የፈለገም በአንድ ዋጋ ቢገዛ ወጥመዱ ይሰበራል። ቸርቻሪዎቹም ከማኅበሩ በጅምላ ዋጋ ይውሰዱ፤ እንጀራቸው አይዘጋ። ሚዛን ግን ይኑራቸው። የንግድ ጽሕፈት ቤቶችም ሥጋ ቤቱን ሚዛንህ ትክክል ነው ወይ እንደሚሉት ከሰል ተራውንም «ሚዛን የት አለ?» ቢሉ ምናለበት?

ሦስተኛ፣ ቆጣሪ። ተከራይ የበዛበት ግቢ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች የየራሳቸውን ቆጣሪ የሚያገኙበት መንገድ ይቅለል። ይህ የሰፈር ሰው ብቻውን የሚፈታው አይደለም፤ የመብራት ኃይልና የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው።

አሁን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። «መምህር፣ አንተ ከሰል ይርከስ ስትል ደን ይጨፍጨፍ ማለትህ ነው» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአፈር ተዳፍኖ በሚከሰልበት በባሕላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይጠፋል። ነገር ግን ደኑን ያዳነው የከሰል መወደድ አይደለም። ውድ በሆነም ጊዜ ይቆረጣል፤ ያውም ይበልጥ። ደኑን የሚያድነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ተተክሎ የሚከሰል እንጨት ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በማሳው ላይ ዲከረንስ ይተክላል፤ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ እህል ይዘራበታል። እንዲህ ያለ ከሰል እንደ ማንኛውም ሰብል ነው። ማኅበር በብዛት ሲገዛ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይችላል፤ እኔ በ50 ብር ፌስታሌ ማንንም መጠየቅ አልችልም። ሌላው ምድጃው ነው። ውስጡ ሸክላ የሆነው ላቀች ምድጃ ከተራው ቆርቆሮ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በወር 30 ኪሎ የሚያነድ ቤት ከ7 ኪሎ በላይ ተረፈው ማለት ነው። እንደ ዋጋው ቅናሽ የሚቆጠር ነው፤ ሻጭ ሳትለምኑ የምታገኙት ቅናሽ።

ሳልዘነጋ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ከዋጋ ሁሉ ይበልጣል። ብዙ ከሰል ቤት ሲገባ ብዙ የማንደድ ፈተናም ይመጣል። በየዓመቱ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። ገዳዩ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» ማለት ድኗል ማለት አይደለም፤ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ከሰሉን ውጭ አያይዙት። ቤት ውስጥ ካለ በር ወይም መስኮት ገርበብ ይበል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ውጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከቤት አውጡ። ለሊት ብርድ ልብስ እንጂ ከሰል አይታቀፍም።

እኔ እዚህ ያልኩት ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በርበሬን በወቅቱ ገዝተው አስፈጭተው ለዓመት ያስቀምጣሉ። ሽሮውንም እንደዚያው። በርበሬ በየቀኑ በማንኪያ የሚገዛ ሰው ምን ያህል እንደሚከስር ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ያንኑ ብልሃት ከጓዳው ወደ ምድጃው እናምጣው ነው የምለው።

እስቲ እናንተ ከተማ ማዳበሪያው ስንት ነው? ሚዛን ላይ ስታስቀምጡትስ ኪሎው ስንት ይገባል? የከሰል ዕቁብ የጀመራችሁ ካላችሁም እንዴት እንደሠራላችሁ ጻፉልን፤ ሌላው ሰፈር ይማርበታል። ለቡና ሻጯ ጎረቤታችሁም አንብቡላት።

መልካም ሳምንት።